ፀሐይ ሳትወጣ የሄድንበት ቤት

የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ቀለም ትርጉም የሚናገረው በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ቀይ አደጋ፣ አረንጓዴ ልምላሜ፣ ቢጫ ተስፋ፣ ጥቁር ሐዘን ይላል። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ በየተራ ስጠይቅ ለቀይም ለአረንጓዴም እጅ ወጣ። ‹‹ጥቁርስ?›› ስል ግን አንድም እጅ አልወጣም። ክፍሉ በሙሉ ቀሚሴን አየ።

እናቴ ከሞተች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ደሴ ቀብሬያት፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ጥቁር ሻሽ አስሬ ነው ላስታ ተመድቤ የመጣሁት። ትምህርት ቤታችን ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከገብስ ሌላ ብዙ ነገር በማይበቅልበት ደጋ ነው። እዚያ ከል የለበሰን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ የሚያፋጥጥ የለም። ‹‹ያጥናሽ›› ይሉና ያልፋሉ። ልጆቹም አልጠየቁኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ።

እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ካልተረዳ በሌላ መንገድ እደግመዋለሁ። ስለዚህ ጠመኔ አንሥቼ ልጆቹ ስለ ሐዘን ልብስ የሚያውቁትን እንዲነግሩኝ አደረግሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ከል እንደምትለብስ፣ ልቅሶ የሚሄድ ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ አንገቱ አድርጎ እንደሚለብስ፣ ከል የሚወጣው በተዝካር ቀን እንደሆነ ነገሩኝ። ‹‹ጥሩ›› አልኩ። ‹‹ይህ የእኛ ነው። አሁን የሌለ አገር ፍጠሩ። የዚያ አገር ሰዎች ሲያዝኑ ምን ዓይነት ቀለም ይለብሳሉ? ቀለሙስ ምን ማለት ነው? ሥላችሁ፣ ከሥር በሦስት መስመር አስረድታችሁ አምጡ።››

በሳምንቱ ሲያቀርቡ ክፍሉ እንዲያ ይደምቃል ብዬ አልጠበቅሁም። አንዷ የሣር ቀለም የሚለበስበት አገር ፈጠረች፤ ሟቹ መልሶ የሚበቅለው ሣር ሆኖ ነውና። ኋላ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ ተነሥቶ፣ ‹‹በእኔ አገር የሚለበሰው የሟቹ በሬ ቀለም ነው›› አለ።

‹‹በሬ ከሌለውስ?›› አልኩት።

‹‹ቲቸር፣ በሬ ለሌለው ሰው ድሮስ ማን ያለቅስለታል!››

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። በመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ቀጭን ልጅ ግን አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ሥዕሏን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ ተመለሰች፤ ማንበብ አልፈለገችም። እኔ አነበብኩላት።

ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት የድንጋይ ቤት በር ላይ ቆማለች። ቤቱ በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ጊዜ ተሥሏል፣ ሴትየዋም ሰባት ጊዜ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ በየበሩ ሌላ ቀለም ለብሳለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ ‹‹በዚህ አገር ሰው ሁሉ በሕይወቱ እያለ የሚለቀስለትን ቀለም ይመርጥና ለቤተሰቡ ይናገራል። ሲሞት ያንን ይለብሱለታል። ቀለሙን ሳይናገር መንገድ ሄዶ የቀረ ሰው ካለ ግን ሚስቱ በየቀኑ ሌላ ቀለም ትለብሳለች። አንዱ ቀን ትክክለኛው ይሆናል።››

ከአሥር አሥር ሰጠኋት። በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ደስ የሚል ፈጠራ ነው፣ በርቺ!›› ብዬ ጻፍኩበት። ከሥዕሎቹ ሁሉ በቀለም የደመቀው እሱ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳሰበች መጠየቅ አልመጣልኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላሊበላ ላይ የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሥዕል እንደሚታይ ተነገረን። ከእኛ አንድ ሥዕል ይሄዳል፤ የእሷን መረጥሁ። ለዚህም ፎርም አለው። ወላጅ ይፈርማል፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እህል ጭኖ በሚወርደው አይሱዙ ይላካል። ልጅቱ መከር ስለደረሰ ሐሙስና ዓርብ ቀርታለች። እናቷ ቅዳሜም ጎሕ ሲቀድ ለአጨዳ ትወጣለች። እንግዲህ ከዚያ በፊት ቤቷ መድረስ አለብኝ። በወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለማስፈረም ሩብ ሰዓት፣ ለመመለስ ቁልቁለት ስለሆነ ከዚያ ያነሰ። ምንም ቀዳዳ የለውም።

ምስክር እንዲሆኑኝ የወላጅ መምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ ሽማግሌና የአጥቢያውን ቄስ ለመንኩ። ሁለቱም የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባላት ናቸው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተገናኘን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

‹‹የማን ቤት ነው ያልሽኝ ልጄ?›› አሉ።

ነገርኳቸው። ቄሱን አዩ፤ ቄሱም እሳቸውን አዩ።

‹‹ፀሐይ ትውጣና ብንሄድ አይሻልም?››

‹‹አባባ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ሴትዮዋ ማሳ ትወርዳለች። መኪናውም አይጠብቀንም።›› በጣቴ እየቆጠርኩ ሰዓቱን አስረዳኋቸው።

‹‹እሱስ ነው። ግና በዚህ ሰዓት ሰው ደጅ . . .››

‹‹እኔ እናገራለሁ፤ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው።››

‹‹እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ›› አሉና ከፊቴ ቀደሙ። የልጅቱን ቤት ታሪክ የማውቅ መስሏቸው ነበር። መምህር ተማሪዋን አታውቅም ብሎ ማን ያስባል?

መንገዱ አመዳይ ጥሎበት ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ብርዱ አፍ አያስከፍትም፤ ሦስታችንም ዝም ብለን ሄድን። ቤቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ለብቻው የቆመ፣ በድንጋይ የተሠራ ነው። ውሻ ጮኸ። እናቷ ማጭድና ገመድ ይዛ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ነጭ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች። አየችንና ቆመች።

ያየችውን በቅደም ተከተል ልናገር። ጎሕ ሲቀድ ደጇ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። መስቀል የያዙ ቄስ አብረዋቸው አሉ። ከመሃላቸው ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር የለበሰች ሴት አለች። አንዳቸውም አይናገሩም።

መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ብቻውን መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሌላ አፍ መንገድ ላይ ሳይሰማ፣ በማለዳ ሽማግሌና ቄስ ሆነው ይሄዳሉ። ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም ነበር፤ የእናቴን መርዶ የሰማሁት እኔው ነኝ። ወልድያ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ በዚያው ሰዓት፣ የአክስቴ ባል ከአንድ ቄስና ከአንዲት ጎረቤት ጋር በራፌ ላይ ቆመው አየሁ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ያን ሁሉ አውቅ ነበር። እኔ ሰው በር ላይ ስቆም ምን እንደምመስል ግን አላሰብኩም።

ማጭዱ ከእጇ ወደቀ።

‹‹የት አገኙት?›› አለች።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ‹‹እንደምን አደሩ፣ የመጣነው›› ስል ጩኸቷ ቀደመኝ።

‹‹ወዬ! ወዬው የልጆቼ አባት! ወዬው ጌታዬ!››

ደጋ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ገደሉ ተቀብሎ ወዲያ ማዶ ሰጠው። ከማዶ ሌላ ሴት መለሰች፣ ከታች ሌላዋ። ልጅቱ ከቤት ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች። መጀመሪያ እናቷን፣ ከዚያ እጄ ላይ የተጠቀለለውን ሥዕል፣ ከዚያ እኔን አየች።

‹‹ቲቸር፣ አባቴ ሞተ?››

አባቷ እንደጠፋ ያወቅሁት በዚህች ጥያቄ ነው።

‹‹አይደለም! ፎርም ልናስፈርም ነው!›› አልኩ። ደገምኩት። በዚያ ልቅሶ መሃል ፎርም የሚባለው ቃል እንደ ጠጠር ወድቆ ቀረ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ‹‹ስለ እመቤታችን ዝም በሉ! መርዶ አይደለም!›› እያሉ በኃይለ ቃል ተናገሩ። ሴትዮዋ ግን መሬት ላይ ነበረች። ሦስት ዓመት የያዘችው ልቅሶ ነው፤ አይደለም በሚል ቃል የሚመለስ አልነበረም።

ጎረቤት እየሮጠ ደረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ወንዶቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ። አንዷ ለንፍሮ የሚሆን ባቄላ በቁና ይዛ መጥታለች። ነገሩ ሲነገራቸው ልቅሶው ቀስ እያለ ቆመና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

‹‹ታዲያ በዚህ ጨለማ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?›› አለች ባቄላ የያዘችው።

‹‹ሥዕል . . . የልጅቱን ሥዕል ላሊበላ ለመላክ።››

‹‹ሥዕል! ለሥዕል ብላችሁ ሰው ትገድላላችሁ?››

ሽማግሌው፣ ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ አገሩን የማውቅ›› አሉ። ልቤ የተነካው ከስድቡ ይልቅ በዚህ ነው።

የሆነውን ያኔ ነገሩኝ። ጦርነቱ ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ ሰውዬው ጨው ሊገዛ ሙጃ ገበያ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሞቶ ያየው የለም፣ ቆሞም ያየው የለም። ወንድሙ ሁለት ጊዜ ተዝካር እናውጣለት ብሎ ሽማግሌ ልኳል። ሁለት ጊዜም እምቢ ብላለች። ‹‹ሬሳውን ያየ ይምጣ›› ትላለች። ‹‹ከል የለበስኩ ቀን የገደልኩት እኔ ነኝ።›› ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ በነጭ ነጠላ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የምትወጣው፤ አንዳንዱ ሰው ቢያማትም።

ፊቷን ውሃ ካስነኳት በኋላ ሥዕሉን አሳዩኝ አለች። ዘረጋሁላት። ከበር ወደ በር በጣቷ ዳሰሰችው።

‹‹ይቺ ማን ናት?››

‹‹አንቺ ነሽ እማ›› አለች ልጅቱ።

‹‹እንዲህ ተዥጎርጉሬ ገበያ ብወጣ አብዳለች ብለው ጠበል ያስገቡኛል።››

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። እናቷ ግን፣ ‹‹ምን ብለሽ ጻፍሽ? አንብቢልኝ›› አለች። ልጅቱ ለክፍሏ ያላነበበችውን ለእናቷ አነበበች። ‹‹አንዱ ቀን ትክክለኛው ይሆናል›› የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሳሳ። ጎረቤቶቹ ሁሉ መሬት ያያሉ። የእኔ ‹‹ደስ የሚል ፈጠራ›› ግን ከሥሩ በቀይ ቀለም ጎልቶ ይታያል። ምነው ልጅቱ እሱን ባላነበበች ብዬ ተመኘሁ። አላነበበችውም።

እናቷ ወረቀቱን ጠቀለለችው። ‹‹ይሄ ከቤቴ አይወጣም›› አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ወላጆች ‹‹እርስዎ›› ነው የሚሉኝ፤ እሷ ‹‹አንቺ›› አለችኝ።

‹‹ጩኸቴ ማዶ ተሻግሯል። አሁን በየቤቱ ሞተ እየተባለ ነው። አንቺ ያመጣሽውን አንቺው መልሺው። በየደጁ ሂጂና ንገሪ።››

አይሱዙው ያለ ሥዕሉ ወረደ። እኔ ከልጅቱ ጋር በየቤቱ ዞርኩ። መንገድ ታሳየኝ ተብላ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ከፊቴ ስትሄድ ትከሻዋን ማየት ከበደኝ።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ፣ ‹‹አባቷ አልሞቱም፣ በስሕተት ነው›› አልኩ። ስንወጣ ልጅቱ ቆመች።

‹‹ቲቸር፣ እሱን እኮ አናውቅም።››

‹‹ምኑን?››

‹‹አልሞተም የሚለውን። መርዶ አልመጣም ነው መባል ያለበት።››

ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ በየቤቱ፣ ‹‹መርዶ አልመጣም። የሄድነው ለትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው›› አልኩ። ከዚህ በላይ አላብራራሁም። ደግመው ሲጠይቁኝ ያንኑ ደገምኩ። የአባቷ ወንድም አውድማው ላይ ገብስ ያበራይ ነበር፤ ጨርሶ አዳመጠኝና፣ ‹‹ከተለቀሰ ወዲያ ምን ቀረ? ተዝካሩን ብናወጣ ለነፍሱም ይሻለው ነበር›› አለ። ክፋት አልነበረበትም። የወንድሙ ነፍስ ያለ ፍትሐት ተንከራተተች ብሎ የሚሰጋ ሰው ነው።

‹‹አጎቴ፣ ነፍሱ ገና ሥጋው ውስጥ ከሆነስ?›› አለችው ልጅቱ። መንሹን አንሥቶ ወደ ገብሱ ተመለሰ።

መጨረሻ ላይ የሄድነው የአባቷ እናት ዘንድ ነው፤ ቤታቸው ከሁሉ በላይ፣ የጓሳው ሣር ከሚጀምርበት ነው። ልጅቱ መንገድ ላይ ስለ እሳቸው አወራችኝ። ቤተሰቡ ውስጥ ከእናቷ ጎን የቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ተዝካር ይውጣ በተባለ ቁጥር፣ ‹‹ልጄ ይመጣል፤ አርፋችሁ ተቀመጡ›› ብለው ሽማግሌ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። እናቷ ሲጨንቃት እዚያ ወጥታ ትቀመጣለች፤ ይመጣል ሲሏት ሰምታ ትወርዳለች።

አሮጊቷ ደጃቸው ላይ በቀሚስ ብቻ፣ በብርዱ ትከሻቸውን ሳይሸፍኑ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት አለ። ውሃው ጥቁር ነው። ነጠላቸው ውስጡ ነው።

አጎንብሼ እጃቸውን ሳምኩና ያንኑ አልኩ፤ ‹‹መርዶ አልመጣም እማማ። የእኔ ጥፋት ነው።››

በእጃቸው የያዙትን ዱላ ድስቱ ውስጥ እንደሰደዱ ቆዩ።

‹‹ማነው ይህን ያለሽ?››

‹‹እኔው ነኝ ቤታቸው የሄድኩት። ለሌላ ጉዳይ ነበር።››

ልጅቱ ድስቱን ታያለች። ‹‹እምዬ፣ ቀለሙን ከየት አመጣሽው? ዛሬ እኮ ገበያ አይደለም።››

አሮጊቷ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከድንጋዩ ሥር ቀለሙ የነበረበት ወረቀት ወድቋል፤ ከማርጀቱ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል።

‹‹ካቻምና ነው የገዛሁት›› አሉ በመጨረሻ።

‹‹ካቻምና? ይመጣል ትያት አልነበር እማን?››

‹‹እላታለሁ። ነገም እላታለሁ። እኔ ካላልኳት ማን ይላታል?›› ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹መምህር፣ ምራቴ ይህን እንዳትሰማ። ለዚህች ልጅ ስትይ።››

እሺ አልኩ።

‹‹እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ›› አሉ። ‹‹ይውጣ ወይስ ይቆይ?››

ዱላው ጫፍ ላይ ያለውን ጨርቅ አየሁ። በሕይወቴ ለጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ባላውቀው እንኳ መጽሐፍ አይተን እንመለስበታለን እላለሁ። እዚያ አንድም ቃል አልመጣልኝም።

‹‹አውጪው እምዬ›› አለች ልጅቱ።

አወጡት። አንዱን ጫፍ አሮጊቷ፣ ሌላውን ልጅቱ ይዘው ጠመዘዙት። ጥቁሩ ውሃ በክንዳቸው ወረደ። ድንጋይ ላይ ሲያሰጡት ቀለሙ ገና አልያዘም ነበር፤ አንዳንድ ቦታ አመድ፣ አንዳንድ ቦታ ዝንጉርጉር፣ እጥፋቱ ውስጥ ጭራሽ ነጭ ሆኖ የቀረ ነበር። ልጅቱ በምንጭ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። አልለቀቀም።

‹‹ተዪው›› አሉ አሮጊቷ። ‹‹ሌላ ነጠላ የለኝም፤ እንዳለ ይደርቃል።››

በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እናቷ በነጭ ነጠላዋ በሴቶቹ በኩል፣ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ስታየኝ ራሷን ነቅነቅ አደረገች፤ ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም። ቅዳሴው ተጀምሮ አሮጊቷ ደረሱ። በጋቢ ሊሸፍኑት ሞክረዋል፤ ነጠላው ግን በአንገታቸውም በእግራቸውም በኩል ይታያል።

ምራታቸው አየችው። ጥለቱን፣ ጫፉን፣ ቀለም ሳይነካው የቀረውን እጥፋት ሁሉ አንድ በአንድ አየችው። ጨርቅ ስትነክር ያደገች ሴት ናት፤ ቀለም ከገበያ ካልሆነ እንደማይገኝ፣ ትናንት ደግሞ ገበያ እንዳልነበረ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ፊቷ ላይ የሆነውን ላስረዳ ብል አልችልም። ልጅቱ በመካከላቸው ቆማ ቀለም የነካቸውን እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደብቃለች።

ሕዝቡ ሲበተን አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ጠጋ ብለው፣ ዓይኗን ሳያዩ፣ እንደወትሮው፣ ‹‹ይመጣል እኮ ልጄ›› አሏት።

ምራታቸው የተንሸራተተውን ጋቢ አንሥታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው። ዝንጉርጉሩን ነጠላ እስከ አንገታቸው ሸፈነችው።

‹‹አዎ እማማ›› አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብላ። ‹‹ይመጣል። እርስዎ ብቻ አይጨነቁ።››

ክንዳቸውን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች።